ወንዙ የተኛበት

ቡራዩ ለማስተማር የተመደብኩት በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የዚያን ጊዜዋ ቡራዩ በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ ክሊኒክና የእኛ ትምህርት ቤት ነበረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ የምንሠራው ስናጣ እኔ፣ የክሊኒኩ ድሬሰርና የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ተሰብስበን መጽሐፍ ማንበብ ጀመርን። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቻችን እናዳምጣለን፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ገዳዩ ማን እንደሆነ እንከራከራለን።

የምናነበው የአንድ ደራሲን የወንጀል ልብ ወለዶች ብቻ ነበር። ሰበታ የሚኖር የእንጨት ነጋዴ ነው፤ መጽሐፎቹን ራሱ አሳትሞ በየሱቁ እየዞረ ያስቀምጣል። ሬሳው የሚገኘው እኛ በምናውቀው ድልድይ ሥር፣ በየቀኑ በምናልፍበት ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ልባችንን የሰቀለው።

የምንሰበሰበው እኔ በተከራየሁባቸው ሴትዮ ቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ እናት እንደማለት። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ጥጋቸውን ይዘው ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጣሉ። ገዳዩ ሲያዝ እኛ ደስ ሲለን እሳቸው ይከፋቸዋል። «የእሱስ እናት ምን ትሁን?» ይላሉ።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ከአሥር ዓመት በፊት አባቷ ሊድራት ሽር ጉድ ሲል፣ አንድ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ቀረች። እንስራዋ ገፈርሳ ግድብ ዳር ተገኘ። ሰው ሁሉ ውሃ በላት አለ፤ ሬሳዋ ግን አልወጣም። አባቷም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። አዴ ለልጃቸው ለቅሶ አልተቀመጡም። ሊያስተዛዝን የመጣውን ጎረቤት «ማን ሞቶ?» እያሉ ከደጅ መለሱት።

ሦስተኛውን መጽሐፍ የጀመርነው በክረምት ነው። አንባቢው ጸሐፊው ነበር። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ልጅ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ተከምሮባት ሞታ ትገኛለች። የፊት ጥርሷ አህያ ረግጧት የተሸረፈ ነው። በሕይወት ሳለች ገፈርሳን «ወንዙ የተኛበት» ትለው ነበር ይላል።

የአዴ እንዝርት ቆመ።

«መልሰህ አንብባት» አሉ።

መልሶ አነበበ።

«ይሄን ማን ነገረው?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው፣ አዴ» አለ ድሬሰሩ። «ከራሱ ያመጣው ነው።»

«የልጄም ጥርስ እንዲሁ ነው፤ እሱንስ ከራሱ ያምጣ። ይሄን ስም ያወጣችው ግን ልጄ ናት፤ ገና አፍ ስትፈታ። ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ያቺን ገጽ በየቀኑ አስነበቡኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጽሐፉን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ከድምፄ ኋላ ሌላ ሰው የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር። እኔም ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው ያለ እየመሰለኝ ዘወር ማለት አመጣሁ። በግድቡ በኩል ማለፍ ፈርቼ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመርኩ።

በመጨረሻ ድሬሰሩ ሰበታ ሄዶ ደራሲውን ይዞት መጣ። አንባቢዎቹ ሊያከብሩት የጠሩት መስሎት ከረባት አስሮ ነበር። አዴ እስኪቀመጥ እንኳ አልጠበቁትም።

«ልጄን የት አየሃት?»

ግራ ገብቶት ወደ እኛ ዞረ። ስለ ጥርሷና ስለ ስሙ ስንነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ድሮ ነው» አለ። «እንጨት ልገዛ አምቦ ስሄድ አንዲት ልጅ ገፈርሳ ላይ እኔ ወደነበርኩበት የጭነት መኪና ወጣች። ሊድሩኝ ሲሉ ጠፍቼ ነው አለችኝ። ግድቡን ስናልፍ እየጠቆመች ‹ወንዙ የተኛበት› አለች። ስትስቅ ጥርሷን አየሁት። እኔ አምቦ ስወርድ እሷ ወደ ጉደር ቀጠለች።»

«በሕይወቷ?»

«በሕይወቷ፣ እማማ። እየሳቀች።»

«ታዲያ ለምን ገደልክብኝ?»

ከረባቱን ፈታና በእጁ ጨበጠው። «ታሪኩ ሟች ያስፈልገው ነበር» አለ፣ ብዙም በማይሰማ ድምፅ።

በሳምንቱ አዴና እኔ በአውቶብስ ጉደር ሄድን። ደራሲውም አብሬያችሁ ካልሄድኩ ብሎ ለምኖ መጣ። ከቤት ቤት እየጠየቅን ገበያው ዳር ካለ አንድ ጠላ ቤት ደረስን። ተናግረን ሳንጨርስ ባለቤቲቱ «ጥርሷ የተሸረፈችው?» አለችን። ልጅቷ ሁለት ዓመት አብራት ሠርታለች። ከዚያ ወባ ያዛት፤ አልተነሣችም። ዘመድ የለኝም ብላ ስለነበር ለማንም ሳይነገር ተቀበረች።

ሴትዮዋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይዛን ሄደች። መቃብሩ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር፤ ድንጋይ ተከምሮበታል፣ መስቀል የለውም። ልክ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለው።

ደራሲው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እኔ እዚህ መጥቼ አላውቅም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቆይቶም ያንኑ ደገመው።

አዴ ተንበርክከው የተንሸራተቱትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሱ። በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያነጋግሯት ነበር። ከሁሉም የገባኝ «ኢንታላ ኮ» የሚለው ብቻ ነው፤ ሴት ልጄ ማለት ነው። አንዳንዴ እኔንም እንደዚያ ይጠሩኝ ስለነበር የማደርገው ጠፍቶኝ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ቡራዩ እንደተመለስን አዴ ለቅሶ ተቀመጡ። ድንኳን ተተከለ፤ ያኔ ከደጅ የተመለሱት ጎረቤቶች ሁሉ መጡ። ደራሲውም ሦስቱን ቀን ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። አዴ አላባረሩትም፤ አላነጋገሩትምም።

ከወራት በኋላ ለሥራ ሰበታ ወርጄ አገኘሁትና አዲስ መጽሐፍ እየጻፈ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እጀምራለሁ» አለኝ። «ሰው የሚሞትበት ቦታ ስደርስ እጄ አልታዘዝ ይለኛል።»

ሻይ ጠጣንና አውቶብሱ ድረስ ሸኘኝ።