ሰናይት ምስር ረገጠች

ከሰቆጣ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ዘመድ ሁሉ ሊሸኘን መናኸሪያ ድረስ መጥቶ የአምስት ዓመቷን ልጄን ሰናይትን እየተቀባበለ ሳማት። ሰናይት ደግሞ ሰው ሲነካት እሳት የነካት ይመስል የምትዘል ልጅ ናት። ጩኸቷን ለቀቀችው። ዘመዴም «አገሯን ልትለቅ አልወደደችም!» ብሎ አብሯት አለቀሰ። የአክስቴ አዲስ ሹራብ ኮስኩሷት እኮ ነው! ያልሳሟት አባቴ ብቻ ናቸው። ቄስ ናቸውና መስቀላቸውን ከሩቅ አንስተው ባረኳትና ፊታቸውን ዞር አደረጉ።

ንግሥ ላይ ከበሮ ሲመታ ጆሮዋን ይዛ ስለምትጮህ ሰፈሩ «የቄስ የልጅ ልጅ ሰይጣን ይዟት!» እያለ ሲያማን ኖሯል። ጠበልም ወስደናታል። መነካት የማትወድ ልጅ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ! እሷ ስትጮህ «ሰይጣኑ ጮኸ» ተባለ።

ባሌ ቀድሞን የገባበት ስዊድን ስንደርስ፣ አገሩ ለልጄ ተለክቶ የተሰፋ መሰለኝ። ሰው ሰውን አይነካም፤ አውቶቡስ ላይ እንኳ አንድ ወንበር ዘለው ነው የሚቀመጡት። እኔ የሚስመኝ ሰው ናፍቆኝ ስሞት እሷ ተደላደለች። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ጉድ ፈላ። የሚንኮሻኮሽ የበረዶ ሱሪ አለ፤ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ እጅ የሚያደርቅ፣ እንደ አውሎ ነፋስ የሚጮህ ማሽን አለ። ልጄ ከጠረጴዛ ሥር አልወጣም አለች። ወደ ቴራፒስት ላኩን።

ቴራፒስቷ ካሪን ትባላለች። ቅጽ ይዛ፣ አስተርጓሚ በስልክ አቅርባ ጠየቀችኝ። የየጥያቄው መልስ «ሁልጊዜ»፣ «አንዳንዴ» ወይም «በፍጹም» ነው።

«ድምፅ ይረብሻታል?»

«ኧረ ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሰው ሲነካትስ?»

«ተመስገን፣ ምንም አትል።»

ይህን ስል ሰናይት ወንበሬ ሥር ጆሮዋን ይዛ ተኮራምታለች። ካሪን ወደ ታች አየች፤ ወደ እኔ አየች፤ «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ምን ላድርግ? እኛ ጋ እንዴት ነሽ ከተባልሽ፣ እየሞትሽም ቢሆን መጀመሪያ ተመስገን ነው። ደግሞም ፈርቼ ነበር፤ ልጅቷ ችግር አለባት ካልኩ ጠርዘው የሚመልሱን መስሎኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ልጅሽ ድጋፍ አያስፈልጋትም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ተደወለ፤ ሰናይት ምሳ መብላት አቁማለች፣ ድጋፍ ካላገኘች እዚህ ልትቆይ አትችልም። ወደ ካሪን ሮጥኩ።

«ደኅና ናት ብለሽኝ ነበር» አለች ካሪን።

«እሱ እኮ ሰላምታ ነው!»

አስተርጓሚው ሳቀ። ካሪን አልሳቀችም፤ አዲስ ቅጽ አወጣች። «እሺ፣ ሰላምታው አልቋል። አሁን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። የምስማት ስትተኛ ብቻ መሆኑን፣ በገዛ ልጄ አፍሬ እንደማውቅ፣ ሁሉንም።

ሕክምናውን ሴንሶሪ ኢንተግሬሽን ይሉታል። ክፍሉ ውስጥ ዥዋዥዌ አለ፣ ከባድ ብርድ ልብስ አለ፤ እያጫወቱ ሰውነቷን ከድምፅና ከንክኪ ጋር ቀስ በቀስ ያለማምዷታል። እስከዚህ ተስማምተናል። በሦስተኛው ቀን ግን ካሪን ገንዳ ሙሉ ምስር አምጥታ «እግርሽን ክተቺ» አለቻት። ምስር! በዋግ ሰው ፊት! አንድ ፍሬ ብትወድቅ አንስተን፣ እፍ ብለን የምንመልስ ሰዎች ነን።

«ይሄ ወጥ ይሆናል» አልኳት።

«ታጥቦ?»

«ሳይታጠብም!»

ሰናይት ግን እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ከተተች። አልጮኸችም። ሳቀች። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የፈሰሰውን እየለቀምኩ አለቀስኩ። ለልጄ ይሁን ለምስሩ እስካሁን አላውቅም።

እሁድ ለአባቴ ደወልኩ።

«ልጅቱ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደኅና ናት፣ እግ...» አቆምኩ። «አባየ፣ እውነቱን ልንገርዎ። እህል በእግሯ እየረገጠች ነው የምትታከም።»

እርግማን ጠበቅኩ።

«እየሳቀች?»

«እየሳቀች።»

«ትርገጠው እንጂ! በሬው አውድማ ላይ ሲረግጠው ምን አልን?»

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ደኅና ነን፣ ተመስገን።»

«አባየ፣ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ ወይስ በፍጹም?»



«አንዳንዴ» አሉኝ።

እኔንም ቢጠይቁኝ መልሴ እሱው ነበር። አልጠየቁኝም።