ለቱሉ የሚሆን መንጠቆ

ሥራ የጀመርኩት ምሳ ላደርስ ሄጄ ነው። አሰላ ውስጥ ማማና የውሃ ታንከር እየወጡ ቀለም ለሚቀቡ ሰዎች ምግብ አበስል ነበር። ያን ቀን ገመዳቸው ጭቃ ላይ ተዝረክርኮ ሳይ አላስችል አለኝና አጥቤ ጠቀለልኩት። አለቃው አቶ በቀለ አይቶኝ፣ «እማማ ሙሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ የዕቃው ኃላፊ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

«ማንበብ አልችልም እኮ» አልኩት።

«ገመድ አይነበብም» አለኝ።

ገመድ ማድረቅ፣ የመታጠቂያውን ስፌት መፈተሽ፣ መንጠቆ መጥረግ የእኔ ሆነ። መንጠቆ የምለው ሰውየው ከገመዱ ጋር የሚያያዝበትን፣ አፉ የሚቆለፈውን የብረት ቀለበት ነው። ነጋዴዎቹ ካራቢነር ይሉታል። ማብሰሉንም አልተውኩም። ደጋው ላይ፣ ጮሌ ከተማ ስንሠራማ ብርዱ ወጡን ድስቱ ውስጥ ያረጋብኝ ነበር፤ እሱን ልተወው።

ላይ የሚወጣው ቱሉ ነው። ሲወጣ ድመት ነው። ግን ይረሳል። ቆቡን አናቱ ላይ ደፍቶ፣ «ቆቤን ያያችሁ?» የሚል ሰው ነው።

አንድ ጊዜ የድሮዎቹ መንጠቆዎች ሞላቸው ደከመና አፋቸው ተከፍቶ ይቀር ጀመር። በማግስቱ ቆላው ላይ፣ ዴራ ከተማ ታንከር ላይ ሥራ አለን። አቶ በቀለ ሁለት ዓይነት አዲስ አመጣ። አንደኛው አንገቱ ላይ ያለውን ቀለበት በእጅ ጠምዝዘው የሚቆልፉት ነው። ሁለተኛው ሲለቁት ራሱ ይቆለፋል፤ ለመክፈት ግን ቀለበቱን ወደ ላይ መግፋት፣ ማዞር፣ ከዚያ አፉን ወደ ውስጥ መጫን ነው።

«አዴ፣ ለእኔ የሚጠመዘዘው ይሻላል» አለ ቱሉ። እንደ አገሩ ወግ፣ እናቴ ለማለት፣ አዴ ነው የሚለኝ። «ያኛው እንቆቅልሽ ነው።»

«ጥንካሬያቸውስ?» አልኩ።

አቶ በቀለ ጎናቸው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አየና፣ «እኩል ናቸው» አለ።

በእኛ ቡድን አዲስ መንጠቆ በከባዱ ሰው ሳይሞከር ከግቢ አይወጣም። ከባዷ እኔ ነኝ። ቁጥሩ ከተነበበ በኋላ እኔን ማንጠልጠል ለብረቱ ምንም እንደማይጨምር ሁላችንም እናውቃለን፤ ልማድ ሆኖ ነው። ቀሚሴ ላይ አስታጠቁኝና ራሱ በሚቆለፈው ግቢው ውስጥ ካለው የብረት አግዳሚ ላይ አንጠለጠሉኝ። እግሬ ከመሬት ለቀቀ። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ይይዛል። አውርዱኝ» አልኩ።

አቶ በቀለ ሣጥን ከእግሬ ሥር አስገብቶ አቆመኝና መንጠቆውን ያዘ። በወፍራሙ የሥራ ጓንቱ ገፋ፣ አዞረ፣ ተሳደበ። አልከፈት አለው። አንድ ባጃጅ ነጂ በበሩ አንገቱን አስገብቶ፣

«እማማ፣ ምን አጥፍተው ነው የተሰቀሉት?» አለ።

«ሥራ ላይ ነኝ ልጄ።»

«እንግዲያው ሌላ ሥራ ይፈልጉ!»

ቱሉ በሳቅ እየተንፈራፈረ ጓንቱን አወለቀና በባዶ እጁ ቶሎ ከፈተው። «አዩ አዴ? እዚያ ላይ ሆኜ ጓንት ላወልቅ ነው? ይልቅ ይሄን ይዩ» ብሎ ራሱን በሚጠመዘዘው አንጠልጥሎ ይወዛወዝ ጀመር።

የመንጠቆውን አንገት አየሁት። አልተጠመዘዘም።

«ቱሉ፣ ቆልፈኸዋል?»

«እንዴ፣ ቆልፌያለሁ!»

«እስቲ ቀና በል።»

ቀና አለ። ሳቁ ቆመ። በጣቶቹ አግዳሚውን ጨበጠ።

«ምድር ስለሆነ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሚስትህ አራስ ናት» አልኩት። «ነገ ከዴራ ተመልሼ ምን ልበላት?»

ከአግዳሚው ወረደ። ራሱ የሚቆለፈውን ሰጠሁት። ቀጭን፣ መዳፉ ላይ የማያንሸራትት ጓንት ፈልጌ አጠለቅኩለትና እስከ ምሽት ግቢው ውስጥ አስከፈትኩት። ተነጫነጨ፣ እርኩስ ብረት አለው፤ በመጨረሻ ሳያይ በአንድ እጁ ይከፍተው ጀመር።

ዴራ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከታች ቆሜ ቱሉ መንጠቆውን በኦሮምኛ ሲረግመው እሰማለሁ።

«ምን ሆነ?» አለ አቶ በቀለ ደንግጦ።

«ምንም፤ ተቆልፎበት ነው» አልኩ። ስድብ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አመሻሹ ላይ አሰላ ስንደርስ ወደ አራሷ ሮጠ። መታጠቂያውን ሳያወልቅ ነው የሄደው።

መንጠቆ ስትመርጡ መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፤ ቀጥሎ የሚወጣውን ሰው እዩ። ለሚረሳ ሰው ራሱ የሚቆለፈውን ስጡት። አከፋፈቱን ከነጓንቱ ምድር ላይ ይልመድ።