ከኪኒኑ በፊት

ባዮሎጂ የተማርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚድሩበት ዕድሜ ነው። በማታው ክፍል መምህራችን አንድ ቀን ለእያንዳንዳችን ቁራሽ ደረቅ ዳቦ አደለንና «እንዳትውጡ፤ ዝም ብላችሁ አኝኩ» አለን። ሥራ ውለው የመጡ ትልልቅ ሰዎች ጉንጫቸውን ነፍተው ሲያላምጡ ማየት ያስቃል፤ ክፍሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ምንም ጣዕም ያልነበረው ዳቦ ቀስ እያለ ምላሴ ላይ ሲጣፍጥ ደነገጥኩ። ምራቃችን በዳቦው ውስጥ ያለውን ስታርች መሰባበር ጀምሮ ነው፤ የቀረውን ትንሹ አንጀት ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። እስከዚያን ቀን ድረስ ምግብ መፈጨት የሚጀምረው ሆድ ውስጥ ይመስለኝ ነበር።

የደነገጥኩት ለእናቴ ነው። ስኳር በሽታ አለባት።

«ታዲያ እንጀራ ከስኳር በምን ተለየ ልትዪኝ ነው?» አለችኝ ስነግራት።

«ስኳር ቶሎ ይገባል። እንጀራ መጀመሪያ መፈጨት አለበት፤ ከሽሮ ወይ ከምስር ጋር ሲሆን ደግሞ ይዘገያል።»

«ይዘግያ! ምን አስቸኮለው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናቴን ሳህን የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። እንጀራው ያንሳል፣ ምስሩና ጎመኑ ይበዛል፣ ድንች ከሩዝ ጋር አይቀርብም፣ ዘይቱ በማንኪያ ነው። ገንቢውን ከኃይል ሰጪው እየለየሁ ሳስቀምጥ ቆማ ታየኛለች። «ነገ ደግሞ ማስመሪያ ይዘሽ ትመጫለሽ» ትለኛለች። በነገር ሁሉ ልክ ማበጀት እንደምወድ ስለምታውቅ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ጭንቀቴ ሌላ መልክ ያዘ። የእናቴ ኪኒን ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ዓይነት ነው። ኢንሱሊኑ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እየሰበሰበ ወደ ሰውነት ሕዋሳት ያስገባል። ምግብ ሳይገባ ኪኒኑ ከተዋጠ ግን ደሙ ውስጥ ያለው ያልቃል፤ ጉበት ካስቀመጠው ቢጨምርም ላይበቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚራበው አንጎል ነው። ሐኪሙም «ቁርስ በልተሽ ዋጪ» ብሏታል። ሥጋና ወተት ትጹም፣ ግድ የለኝም፤ ገንቢው ከባቄላና ከምስር ይገኛል። እኔን ያስፈራኝ ሰዓቱ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ነው የጾመችው።

«ዘንድሮ ትበያለሽ አይደል?»

«እበላለሁ አልኩሽ እኮ።»

ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ቂንጬውን ፊቷ አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ለምሳ ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል። በልታለች ማለት ነው። ግን ግንባሯ ላይ ላብ አያለሁ። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ስጠይቃት ትቆጣለች፤ እናቴ ደግሞ ቁጡ ሰው አይደለችም።

«አዳማ ተቀምጦ የማያልበው ማነው? በመጋቢት!»

እውነቷን ነው። በመጋቢት አዳማ ላብ ማንንም አያሳጣም። እኔም በዚያ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መጽሐፍ ስመዘግብ ያንኑ ርዕስ ደጋግሜ አነባለሁ። አንድ ረፋድ ላይ አላስቀምጥ ቢለኝ አስፈቅጄ ወጣሁ፤ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ነጠላዋ በላብ ርሷል።

«ባቡሩ አለፈ?» አለችኝ።

ቤታችን ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። በዚያ ሐዲድ ላይ ባቡር ካለፈ ዓመታት ሆኖታል።

መደርደሪያው ላይ ጠዋት ያቀረብኩት ቂንጬ ተከድኖ ተቀምጧል። ቀዝቃዛ ነው። ከጎኑ የጠበል ጠርሙሷና የኪኒኗ ብልቃጥ አሉ።

ውሃ ውስጥ ስኳር በጠበጥኩ። በጥድፊያ ግማሹን አፈሰስኩት። ብርጭቆውን አፏ ላይ ሳስጠጋ ከንፈሯን ገጠመች።

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«እማዬ፣ ጠጪ!»

«ቅዳሴ አልወጣም እኮ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

ጩኸቴን ሰምታ ግቢያችንን የምትጋራው ባለሱቅ ጎረቤታችን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። የአርሲ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፤ ከእናቴ ጋር ሁሌም በጾም ይበሻሸቃሉ። አንዴ እኔን አንዴ ብርጭቆውን አየችና እናቴን አገጯን ያዘቻት።

«እትዬ፣ ይጠጡ። ካልጠጡ ወላሂ ለቄሱ ጥሬ ሥጋ ሲበሉ አየኋቸው ብዬ እናገራለሁ።»

እናቴ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። ያኔ አጠጣናት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። በመጽሐፍ ላይ ስኳሩ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ አንዲት አጭር ቀስት ናት። እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ግን ቀስቲቱ አላልቅ አለችኝ። የእናቴን ዓይን እያየሁ ስሜን እስክትጠራኝ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ጠራችኝ። ቀጥላ ብርጭቆውን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች።

«ስኳር በሽተኛ ስኳር ታጠጫለሽ? ይኼ ነው የተማርሽው?»

ጎረቤታችን እየሳቀች አለቀሰች። እኔ ሁለቱንም አልቻልኩም።

በማግስቱ የነፍስ አባታችንን ቤት ጠራኋቸው። እናቴ እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

«ኪኒኑን በምን ነበር የምትውጪው?» አሏት።

«በጠበል ነዋ፣ አባ። ጠበል ጾም አይሽርም። ሆዴም ባዶ አይሆን።»

እኔ ሳህኑን ስቆጣጠር፣ እሷ ሁለቱንም ያስታረቀች መስሏት ነበር፤ ሐኪሙንም ጾሙንም። ቂንጬውን ስታቆይ ቆይታ በዘጠኝ ሰዓት ትበላዋለች፤ እኔ ለምሳ ስመጣ የማየው የታጠበ ሳህን ሌላ ሳህን ነው።

«በይ ስሚ» አሏት። «ሥጋውን፣ ወተቱን እንደተውሽ ጹሚ። ሰዓቱን ግን ፈትቼሻለሁ። በጠዋት ትበያለሽ፣ ከዚያ ትውጫለሽ።»

«ስቅለትስ?»

«ስቅለትም።»

ነጠላዋን አስተካክላ መስቀላቸውን ተሳለመች። እሺ አለማለቷን ስላየሁ እስከ ስቅለት ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሌላውን ቀን ፊቴ ትበላለች፤ ጨርሳም እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ታሳየኛለች፣ ልታበሽቀኝ። ስቅለት ግን አገሩ ሁሉ ሲሰግድ የሚውልበት ቀን ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሳ አገኘኋት። ዳቦ ቆርሼ፣ ከምስር ጋር አቀረብኩላት። አልነካችውም።

«እማዬ፣ አባ ፈትተውሻል።»

«እኔን ፈትተውኛል። ብቻዬን ብዪ አላሉኝም። በስቅለት ብቻዬን ስበላ ልታይኝ ነው? አንቺም ብዪ።»

እኔ ጤነኛ ነኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ እስከ ማታም ልቆይ አስቤ ነበር። የሷን ሳህን አየሁ፣ ብልቃጡን አየሁ።

ዳቦውን ቆርሼ አፌ ውስጥ አደረግሁ። ያን ጊዜ እሷም ቆረሰች። ፊት ለፊት ተቀምጠን ዝም ብለን አኘክን። አፌ ደርቆ ስለነበር ምራቄ እስኪመጣ ቆየ፤ ዳቦው ጣፈጠ፣ እኔ ግን ሳልውጥ ማኘኬን ቀጠልኩ።

«ዋጪው እንጂ» አለች እናቴ፣ ኪኒኗን መዳፏ ላይ ይዛ። «አንቺን ስጠብቅ ስግደቱ ሊያመልጠኝ ነው።»