የአዘቦት ዶሮ

ዶሮውን ከፍሪጅ አውጥቼ ትሪው ላይ በጀርባው ሳስተኛው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ከትናንት ማታ ጀምሮ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ ታሽቶ አድሯል፤ ከቆዳው ሥር ቅቤ ገብቶለታል፤ ሆዱ ውስጥ ግማሽ ሎሚ አለ። ከሥሩ ድንችና ቀይ ሽንኩርት ደርድሬ ኦቨን ውስጥ እከተዋለሁ። መግሪብ ሰግጄ፣ የልጆቹን ልብስ አጣጥፌ ስመለስ ቆዳው ቀልቶ ይጠብቀኛል። ከሥራ ደክማ ለምትገባ ሴት ከዚህ የቀለለ እራት አላውቅም። ሽንኩርት ማቁላላት የለ፣ አሥራ ሁለት ቦታ መበለት የለ።

የሚጎድለኝ አንገቱ ነው። እዚህ ፀሐይ በክረምት ለሰላምታ ያህል ብቻ ብቅ በምትልበት አገር ዶሮ ያለ አንገት ነው የሚሸጠው። ቢላው ያረፈበት ቦታ አይታይም። ሶርያዊውን ባለሱቅ «ማን አረደው?» ብዬ ስጠይቀው ላስቲኩ ላይ ያለችውን የሐላል ማኅተም በጣቱ ይነካልኛል። ልጆቼ በኀፍረት እጄን ይጎትቱኛል፤ «እማ፣ ማኅተም አለው እኮ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ማኅተም ግን ስም የለውም።

ልጅ ሳለሁ እኛ ሰፈር ዶሮ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው የአራጁ ስም ነበር። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ ውሃው ቁልቁል በሚታይበት ተረተር ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። ማን እንደከለከለ የነገረን የለም፤ ልማዱ ከሃይማኖቱ ቀድሞ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የራቀባት ሴት ዶሮዋን አቅፋ የሚያርድላት ወንድ ፍለጋ ትወጣለች። የሰፈራችን ሴቶች ደግሞ የሚመጡት ወደ አባቴ ነበር። አያ ይማም ይሉታል። «እጁ ንጹሕ ነው» ይሉ ነበር፤ ይህም ማለት ዶሮዋን ሳያሠቃይ፣ ሳያጠራጥር ይገላግላታል ማለት ነው። ክንፏን በእግሩ ረገጥ ያደርጋል፣ ፊቷን ወደ ቂብላ ያዞራል፣ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ይላል፤ አለቀ። ቢላውን በሣር ጠርጎ ወደ ወሬው ይመለሳል።

ወሬው ብዙ ጊዜ ከአያ ተፈራ ጋር ነበር። አያ ተፈራ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው፤ ከአባቴ ጋር አንድ አንድ በሬያቸውን አቀናጅተው ያርሱ ነበር። «ይማም» ይለዋል፣ «ያንተም ዶሮ የእኔም ዶሮ አንድ ጉድፍ ላይ ጭረው አደጉ። ቢላው ሲመጣ ነው ዘመድ የሚለዩት።» አባቴም «ያንተዎቹ ይሻላሉ፤ ጾም ሲገባ ያርፋሉ» ይለዋል። አንዱ ያረደውን ሌላው ሳይቀምስ አብረው አረጁ።

የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ላይ ነው። ጣሳውን ሲያዘነብል ውሃው ከመዳፉ ውጪ መፍሰስ ጀመረ። «ብርድ ነው» አለ። ቆይቶ የሙስበሃው ዶቃ እጁ ላይ እሱ ሳይቆጥረው ይንኳኳ ጀመር፤ ማታ ማታ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነበር የምተኛው። አንዱ ዓይን ነው አለ፣ አንዱ ጅን ነው አለ፤ ሐይቅ ጤና ጣቢያ የሰጡት ኪኒን አለቀ፣ እጁ አልቆመም። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ብርድ ነው፤ አብሽሩ» ነበር መልሱ።

ሴቶቹ መምጣት ቀነሱ። «እጅህ ተበላሽቷል» ያለው አንድም ሰው የለም። ዶሮአቸውን ከሻሻቸው ሥር ደብቀው፣ በቤታችን ጀርባ ባለው በቁልቋሉ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ይሄዱ ጀመር እንጂ። አንድ ቀን አባቴ ከቁልቋሉ አጠገብ ፀሐይ ሲሞቅ ባሏ የሞተባት እት ዘሀራ ብቅ አለች። ከሻሿ ሥር የዶሮ እግር ወጥቶ ይታያል። መመለስም አልቻለችም።

«እት ዘሀራ፣ ወዴት ነው?» አላት።

«ለገበያ ነው፣ አያ ይማም።»

የሐይቅ ገበያ የዚያን ዕለት አልነበረም። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቄያለሁ። አባቴ «አላህ ገበያሽን ያቅናው» አላትና ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ። እሷ እስክትርቅ ድረስ አልዞረም።

ከዚያ የእህቴን የሐዋን የሠርግ ቀን ሊቆርጡ ሽማግሎች ከአምባሰል መጡ። ለእንግዳ ክብሩ ዶሮ ነው። እናቴ ቀደም ብላ «የሐዋ አባት» አለችው በቀስታ፣ «የወንድምህ ልጅ ሰይድ ይረድልህ፤ አንተ እንግዶቹን አጫውት።»

«እኔ ተቀምጬ የቤቴን ዶሮ ሌላ ሰው ሊያርድ? ገና አልሞትኩም፣ ፋጤ።»

ዶሮው ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ ነበር። አባቴ ሽማግሎቹ በሚያዩት ግቢ መሐል ተንበርክኮ ክንፉን ረገጠ። ቢስሚላሂ ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እጁ ግን ዘለለ። ቢላው የአንገቱን ገሚስ በልቶ ተንሸራተተ፤ ዶሮው ከእግሩ ሥር ተፈትልኮ ተነሣና አንገቱን አንጠልጥሎ በሽማግሎቹ መሐል ሮጠ። አንደኛው ጋቢው ደም እንዳይነካው ሰበሰበው። ዶሮው ደጃፉ ላይ ወድቆ ተፈራገጠ። አባቴ ከተንበረከከበት አልተነሣም። የሚንቀጠቀጠውን እጁን መሬት ላይ አድርጎ በሌላው እጁ ተጭኖት ነበር፣ የሚያመልጥ ነገር የያዘ ይመስል።

የሰፈራችን ሼህ ቀርበው አዩና «ስሙ ተጠርቶበታል፣ ደሙም ፈሷል። ሐላል ነው፤ ሥሩት» አሉ። እናቴ ሠራችው። ከሰዓቱን ሙሉ አቁላልታ፣ አሥራ ሁለቱንም ብልት አውጥታ፣ እንቁላሉን ጨምራ አቀረበችው። ሼሁ ጥርሳቸውን ዳበስ አድርገው «ሥጋ አልችልም» አሉ። አንዱ ሽማግሌ የሱና ጾም ላይ ነኝ አለ፤ ብርዙን ጠዋት የቀዳሁለት እኔ ነኝ። ሌላው በርበሬ ተከልክያለሁ አለ። የቀሩት እንጀራውን በአይብ ብቻ እያጠቀሱ ዓይናቸውን ከወጡ አሸሹ። አያ ተፈራ ለሱ ለብቻው የቀረበለትን ቂጣና ማር ይዞ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ በአንድ አያቸውና «ዛሬስ ክርስቲያኑ በዛሳ» አለ።

ማንም አልሳቀም። አባቴ እጁን ታጥቦ ብቻውን መብላት ጀመረ። ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ይበተናል። ያኔ እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ሴት በሽማግሌ ፊት የማታደርገውን አደረገች፤ ከጎኑ ተቀምጣ ከፊቱ እየቆረሰች በላች። እናቴ የተጠራጠረችውን ነገር አፏ የማታስገባ ሴት ናት። የዚያን ቀን እስክትጠግብ በላች።

ሐዋ ተዳረች። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ያረደውን ዶሮ አልቀምስም አለ። «ዶሮ ጠላሁ» ይላል። ሰይድ አርዶ ሲያመጣልን በወጡ ብቻ ሁለት ጊዜ ጠቅሶ ይነሣል። ሰውነቱ አለቀ፤ ቀሚሱ ትከሻው ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆነ። ጤና ጣቢያ የሚሠራው ልጅ «ሥጋ አብሉት» ብሎ ሄደ። ለማለቱ ቀላል ነው።

አንድ ማታ፣ በዓልም እንግዳም በሌለበት ተራ ቀን፣ እናቴ ጠራችኝ። «ነይ እግሯን ያዢልኝ» አለች። ቤታችን ጀርባ፣ ቁልቋሉ ጥግ አባቴ ቆሟል፤ ቢላው በእጁ ነው። ዶሮዋን መሬት ላይ ያዝኳት። አባቴ ተንበረከከ። እናቴም ከኋላው ተንበረከከችና ክንዷን በክንዱ ላይ አሳልፋ እጇን በእጁ ላይ ደረበች። አባቴ ዘወር ብሎ አያት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምንም። አንተ እረድ። እኔ ብርድ እንዳይመታህ ነው።»

ወደ ዶሮዋ ጎንበስ አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ቂብላ መልሶ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለ፤ እጁ ከእጇ ሥር ሆኖ ሄደ። ዶሮዋ እጄ ላይ አንድ ጊዜ ተወራጭታ ዝም አለች። እናቴ ለእኔ «ለማንም አትናገሪ» እንኳ አላለችኝም። ሰፈሩ ቢሰማ አባቴን ሚስቱ የምታርድለት ሰው እንደሚለው ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ወጥ መሥራት አይቻልም። የሚቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ ሽታው ሰፈሩን ይዞራል፤ «እነ ፋጤ ቤት ምን ተገኘ? ማን አረደላቸው?» ያሰኛል። እናቴ ላባውን ነጭታ ከፍጉ ሥር ቀበረች። ዶሮዋን ሳትበልት፣ ነጭ ሽንኩርት በጨው ወቅጣ፣ በቅቤ ለውሳ ውስጥና ውጪዋን አሸቻት፤ ከዚያ ሙሉዋን ፍም ላይ አደረገቻት። አጠገቧ የበቆሎ እሸት ደረደረች፣ ሽታውን እንዲውጠው። ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ እፍ እያልኩ ጭሱን ወደ ውስጥ መመለስ የእኔ ሥራ ነበር።

በልተን ሳንጨርስ እት ዘሀራ ፍም ልትጫር መጣች። እናቴ ሳህኑን በሰፌድ ከደነችው።

«ምን ይሸታል ፋጤ?»

«እሸት ነው። ነይ ብይ።»

እት ዘሀራ ተቀምጣ በቆሎዋን ፈለፈለች። ምድጃው አጠገብ የቀረች አንዲት ትንሽ ላባ ነበረች፤ በእግሯ ጣት ገፍታ አመድ ውስጥ ከተተቻት። «ማሻአላህ» አለች፣ «ዘንድሮ በቆሎውም ቅቤ አለው።» ፍሟን ይዛ ወጣች። ወሬው ከዚያ ቤት አልወጣም።

እንዲያ ሆነን ብዙ ማታ በላን። ከአንዱ ሳህን፣ የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ ሳንለይ፣ ሦስታችንም እየቦጨቅን። አባቴ ትንሽ ሥጋ መለሰ። «ወጥ ከዚህ አይበልጥም» ይላል። እናቴም ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ «አራጁ ነዋ ያጣፈጠው» ትለዋለች።

ሕመሙ ግን እጅ ላይ አልቆመም። እግሩን ያዘው፣ ቀጥሎ ምላሱን። የመጨረሻው ጊዜ ክረምት ሊገባ ሲል ነበር፤ ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ ቁልቋሉን ሸፍኖታል። እናቴ ደግፋ አውጥታ አንበረከከችው፣ እጇንም ደረበችለት። ዶሮዋን ይዣለሁ። ቢስሚላሂውን ጠበቅን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አይወጣም። እናቴ ልትልለት ትችል ነበር። አላለችም። ዶሮዋ መታገሏን ትታ እጄ ላይ እስክትረጋ ድረስ ጠበቀችው። አባቴ ዓይኖቹን ጨፈነ። ያኔ ቢላውን ከጣቶቹ መሐል ቀስ አድርጋ አወጣችው፤ ወደ እኔ ዞራ የዶሮዋን እግር ከእጄ አላቃ ለቀቀቻት። «ዛሬ ደክሞሃል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሲሞት ለሰደቃው በሬ ታረደ፤ ያረደው ሰይድ ነው። ያቺ ዶሮ ከአባቴ በኋላ ኖራ ጫጩት ፈለፈለች።

ቆይቼ ኪታብ ስቀራ የሴት እጅም ስሙን ጠርቶ ቢያርድ ሐላል እንደሆነ ተማርኩ። እዚህ ልጆቼ ሙሉውን ዶሮ በሚያምር ሳህን ላይ እንደኛ እየቦጨቁ ይበላሉ፤ እነሱ የሚደብቁት የለም፣ ከደጅ የሚያንኳኳም የለም። አብልቼ ስጨርስ ለእናቴ እደውላለሁ። ሰፈሩ ወንድ አልቆበታል፤ ገሚሱ ዓረብ አገር ነው፣ ከጦርነቱ ያልተመለሰም አለ። ሰይድም የለም። እናቴ በዚያ ጉልበቷ ዶሮዋን ከሻሿ ሥር አቅፋ የሚያርድላት ፍለጋ እስከ ሐይቅ ከተማ ትወርዳለች። ባለፈው አላስችል አለኝና «እማ፣ ለምን ራስሽ አታርጂም? ይፈቀዳል እኮ። ደግሞ ትችይበታለሽ» አልኳት።

ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል።

«እኔ?» አለችኝ። «እኔ መቼ ዶሮ አርጄ አውቃለሁ፣ ልጄ? ሁሉንም ያረደው አባትሽ ነው።»

ስለ ዝናቡ ጠየቅኳት።