ጥጥ የለበሰው ጥድ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ስኳር ልገዛ ብገባ፣ ባለሱቋ ወጣት የፕላስቲክ የገና ዛፍ አቁማ ጥጥ እየበጣጠሰች ስትለጥፍበት አገኘኋት። «በረዶ እኮ ነው፣ እማማ» አለችኝ፣ እንደማላውቅ ቆጥራ። ስኳሬን ተቀብዬ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ የማውቀው ሰው ሰላም ሲለኝ ሳልመልስለት አልፌው ሄጃለሁ።

ጥጥ የለበሰ ዛፍ መጀመሪያ ያየሁት አንኮበር፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ሁለት ወጣት አሜሪካውያት በፈቃዳቸው ሊያስተምሩን መጥተው፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለች ቆርቆሮ ቤት ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሚስ ሩት ረጅምና ዝምተኛ ናት፤ የሒሳብ መምህራችን ሚስ ካሮል ደግሞ አጭርና ሳቂታ። ውሃ ራሳቸው ይቀዱ ነበር፤ እንስራውን ማዘል ስላቃታቸው ለሁለት አንጠልጥለው ሲያመጡት ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ የተረፈውን ደግሞ ደጋግመው ሲያፈሉት ያየ ሁሉ «ምነው፣ ውሃው አልበስል አለ እንዴ?» እያለ ይስቅ ነበር። ሚስ ካሮል ማለዳ ጉሙ ሳይገለጥ ዳገቱን ትሮጣለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ወጥታ፣ «ኧረ ማን አባረራት? ያዙልኝ ይህን ሌባ!» ብላ ሰፈሩን አስወጥታለች።

ያን ዓመት የእኔ ነገር በአባቴ እጅ ነበር። አባቴ የደብራችን ቄሰ ገበዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረትና ቅጥር ጠባቂ ነው። ከመዘዞ ለጋብቻ የጠየቁኝ ሰዎች መልስ ይጠብቃሉ፤ ሚስ ሩት ደግሞ ቤታችን ድረስ መጥታ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወስጄ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ እንድገባ በተሰባበረ አማርኛዋ ለምናዋለች። አባቴ ለሁለቱም ወገን የሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ገና ይለፍ»። እናቴ በዚያ ጾም ማታ ማታ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ለሙሽራ ይሁን ለተማሪ ግን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

የፈረንጆቹ ገና ከኛ ቀድሞ በጾሙ መካከል ይውላል። መምህሮቻችን በበዓላቸው ዕለት ከሰዓት በኋላ የክፍላችንን ልጆች ቤታቸው ጠሩን። ቂጣቸው ቅቤ እንዳልነካው ሚስ ሩት አስቀድማ ምላልናለች። ስንገባ ከእኔ ቁመት የማያንስ ጥድ በባልዲ አፈር ውስጥ ቆሟል፤ ጥጥ በላዩ ተበትኖበታል፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ኮከብም ጫፉ ላይ ታስሯል። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብሁም። በአቅራቢያችን ጥድ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻ ነው፤ የደብር ዛፍ ደግሞ እንኳን ሊቆረጥ፣ ነፋስ የጣለው ቅርንጫፉ ለማገዶ አይለቀምም።

ቂጣው ገና ሳይዳረስ አባቴ ከመሪጌታው ጋር ገባ። መሪጌታው ጠዋት ጉቶውን አይቶ ኖሯል።

«አስካለ፣ ጠይቂልኝ» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከዛፉ ሳይነቅል። «ይህ ከወዴት መጣ?»

ሚስ ካሮል ፊቷ በራ፤ ሊያደንቅላት የመጣ መስሏታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አጥር ከሌለው ተዳፋት፣ ከብዙዎቹ ትንሹን መርጣ እንደቆረጠችው፣ በአገሯም እንዲህ ማድረግ የበዓል ልማድ እንደሆነ ደስ ብሏት አወራችኝ። ከገበያ ተገዛ ብዬ ብዋሽ የሚያጋልጠኝ አልነበረም፤ አባቴም መሪጌታውም እንግሊዝኛ አያውቁም። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርሁት። የአባቴን ፊት ግን ለሚስ ካሮል መተርጎም አላስፈለገኝም።

«ሽፍታ እንኳ የማይደፍረውን!» አለ መሪጌታው። «ለወረዳው ይነገርና ካገራችን ይውጡልን።»

አባቴ በመቋሚያው ጥጡን ገለጥ አድርጎ ግንዱን አየ። እነሱ ከወጡ እኔም ከትምህርት ወጣሁ ማለት ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ከነሱ በቀር የሚያስተምር አልነበረንም።

«ያላወቀ በሥርዓት ይመለሳል» አለ በመጨረሻ። «በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ይመልሱት። ድንጋይም ተሸክመው ደጀ ሰላሙ ላይ ይቅርታ ይጠይቁ። በነገው ገበያ፣ ሰው እያየ።»

ይህን ስተረጉም ሚስ ካሮል አለቀሰች። ሚስ ሩት «ድንጋዩ ምን ያህላል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ የምታነሣውን ልታውቅ ነው።

በማግስቱ ጥዱን ለሁለት ተሸክመው በገበያው መካከል አለፉ። ጥጡን ለማንሣት አላሰቡም ወይም አልደፈሩም፤ እንደለበሰ ነበር። እኔ ከኋላቸው ሄድሁ፣ ሂጂ ያለኝም ተይ ያለኝም አልነበረም። ገበያው ጸጥ አለ፤ ሰው እንዲያ ዝም ሲል ከመሳደብ ይብሳል። እትዬ በላይነሽ ጨው ስትሰፍር ቀና ብላ፣ «እንጨት ተሸካሚ ሞልቶን፣ እንጨቱን ጋቢ አልብሳ የምትሸከም ዛሬ ገና አየን!» ስትል ግን አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ።

ደጀ ሰላሙ ላይ ድንጋዩን በማጅራታቸው አድርገው አጎነበሱ። አባቴ ከሚጠበቀው በላይ አላቆያቸውም፤ «እግዜር ይፍታችሁ» ብሎ ድንጋዮቹን በገዛ እጁ አነሣላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ መሪጌታው አባቴን ተጠግቶ፣ «ቄሰ ገበዝ፣ እንግዲህ ይጠንቀቁ» ሲለው ሰማሁ። «ልጅዎን ያስፈተኑ እንደሆነ፣ የደብሩን ጥድ በልጁ ትምህርት ሸጠው ነው የሚባለው። ክህነቱ እንኳ ቢተርፍልዎ ገበዝነቱ አይተርፍም።»

አባቴም «ገና ይለፍ» አለው።

ገና ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሁለቱን መምህራን ቤታችን ጠርቶ ጾም አስፈታቸው። ሜዳው ላይ የገና ጨዋታ ተጀምሮ ስለነበር ሚስ ካሮል ዶሮ ወጡን በጥድፊያ በልታ ልትሄድ ትቁነጠነጣለች፤ እትዬ በላይነሽም «ተዉአት፣ ዛሬስ የምትሮጥበት ምክንያት አላት» ትላለች። እኔ ማጀት በር ላይ እንስራውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አባቴ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ለሚስ ሩት አጎረሳትና፣ እኔን ሳያይ፣ «ንገሪያት» አለኝ። «ትፈተን።»

ስለ ሌላ ልጅ እንደሚነገር አድርጌ ተረጎምሁት። ሚስ ሩት ተነሥታ አቀፈችኝ። እኔ ሳህኖቹን ሰበሰብሁ።

ፈተናውን አልፌ በመስከረም ደብረ ብርሃን ገባሁ። ለፋሲካ ስመለስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሌላ ሰው «ቄሰ ገበዝ» ተብሎ ሲጠራ ሰማሁ፤ አባቴ ከቀሩት ካህናት ኋላ ቆሟል። እኔ በሄድሁ በወሩ እንደሻሩት፣ እሱም አንድ ቃል እንዳልተከራከረ እትዬ በላይነሽ ነገረችኝ። ቤት ስንገባ አባቴ የጠየቀኝ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ካንኮበር ይብሳል ወይ አለኝ። ይብሳል አልሁት።

መምህሮቼ ጊዜያቸው ሲያበቃ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከመዘዞ የመጡትም ሌላ ልጅ አጩ። እኔ በዚያ ትምህርት ሥራ ያዝሁ፣ በደመወዜ ልጆቼን አሳደግሁ። አባቴን እስኪሞት ድረስ አላመሰገንሁትም። ባመሰግነው፣ ገበዝነቱን ስለ እኔ እንዳጣ ማወቄን ያውቅ ነበር።