ዘጠነኛው መሳቢያ

በሙዚየሙ ምድር ቤት ቅሪተ አካል የሚያጸዱት ሽማግሌ ጣታቸው ላይ የደረቀውን ሙጫ እየላጡ ይውላሉ። ዘጠነኛው መሳቢያ በተከፈተ ቁጥር ግን ሳል ይይዛቸዋል። እዚያ ያለው ዛጎል፣ ብራኪዮፖድ የሚባል የጥንት ባሕር እንስሳ ቅሪት፣ ድሮ ከእጃቸው ወድቆ የታችኛው ክዳኑ ደቅቆ ነበር። ደንግጠው የሌላ ዛጎል ክዳን አጣበቁበት። ላዩ ሃያ ሸንተረር፣ ታቹ አሥራ አራት ሆነ። ነፍሳቸውን ይማርና አለቃቸው፣ "አዲስ ዝርያ ነው!" ብለው በደስታ መዘገቡት፤ ሽማግሌው ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

ዛሬ የአለቃቸው ልጅ፣ እሷም ተመራማሪ፣ ዛጎሉን በአጉሊ መነጽር ስታይ ቆየችና፣ "አባባ፣ ሁለቱ ክዳኖች የአንድ እንስሳ አይደሉም" አለች። "የአባቴ ስህተት ነው ብዬ ልጻፍ?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

"የኔ ነው ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ። እሳቸው ያዩት እኔ ያሳየኋቸውን ነው።"