ሜላት ሞንቴሶሪ ገባች

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... ደባርቅ ውርጩ ገና አልለቀቃትም። እኔና ባለቤቴ የአራት ዓመት ልጃችንን ሜላትን ይዘን አዲሱ ሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆመናል። የመግቢያ ፈተና ነው። አዎ፣ ለአራት ዓመት ልጅ።

ባለቤቴ ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው። መሥሪያ ቤቷ ያሉት ሁሉ ልጆቻቸውን እዚያ አስገብተዋል። «ብትወድቅ በማን ፊት ነው የምቆመው?» ትለኛለች።

አጠገባችን አንድ ጠና ያሉ አባት ቆመዋል። ከፓርኩ ውስጥ፣ ከጊች ተነስተው ከተማው ዳር ከሰፈሩት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። ልጃቸው ብርቄ የሜላት እኩያ ናት። ሕፃን ሳለች ምድጃ ላይ ወድቃ የቀኝ እጇ ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል።

«ሐኪሙ እጇን ሥራ አስለምዷት አለኝ» አሉኝ። «እዚህ ደግሞ በእጅ ነው የሚያስተምሩት ብለው ነገሩኝ። ሌላው ትምህርት ቤትማ ልጆቹ እጇን እያዩ ይሸሿታል። ከዚህ ወዲያ የት እወስዳታለሁ?»

ዳይሬክተሯ ወጣች። ጎንደር ሥልጠና ወስዳ የመጣች ወጣት ሴት ናት።

«ወላጆች፣ እዚህ ልጅ ራሱን በራሱ ነው የሚረዳው። ማንም ማንንም አይረዳም። ኢንዲፔንደንት! በመስኮት ማየት ይቻላል፤ መግባት ግን ፕሊስ...»

መስኮቱ ላይ ተደረደርን። መስታወቱ በትንፋሻችን እየደበዘዘ፣ በነጠላ እየጠረግን እናያለን።

መጀመሪያ ውሃ ከጆግ ወደ ጆግ መገልበጥ ነበር። ከዚያ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ። ሜላት ሁሉንም ቶሎ ጨረሰች። ብርቄ ውሃውን በግራዋ ገለበጠች፣ ቁልፉን በጥርሷ ይዛ ቆለፈች።

«አየሃት? አየሃት?» አባቷ ክንዴን ጨመቁኝ።

ከዚያ ምግብ መጣ። ለየልጁ በየሳህኑ ትንሽ ፍርፍር፣ ከጎኑ ማንኪያ።

ብርቄ ማንኪያውን አየችው። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ቤት እናቷ ናት የምታጎርሳት። በተጣበቀው እጇ ልትይዘው ሞከረች፣ ወደቀ። አነሳችው፣ ወደቀ። አስተማሪዋ እጇን አጣምራ ከላይ ቆማለች። ሌሎቹ ይበላሉ።

ይኼኔ ሜላት ከራሷ ሳህን ጠቅልላ አጎረሰቻት።

ብርቄ አላምጣ እንደጨረሰች አፏን ከፈተች። ሜላት ደገመቻት።

«ውይ የኔ እናት! ሰርግ ቤት መሰላት!» አለች ከኋላዬ አንዲት ባለሱቅ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዳይሬክተሯ ግን አልሳቀችም። በመጨረሻ ለብቻችን ጠራችን።

«ልጃችሁ ጎበዝ ናት። ግን የሰው ሥራ ውስጥ ትገባለች። የልጅቷን ዕድል ነው የነጠቀቻት።»

«ማጉረሷ ነው?» አልኩ።

«ማጉረሷ ነዋ! ሐሙስ መልሳችሁ አምጧት። ካልተለወጠች ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን።»

የብርቄም አባት ሐሙስ ተባሉ። «እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ» ብለው እጅ ነሱ።

ቤት እንደገባን ባለቤቴ ትሪውን አነሳችና ምሳችንን በሦስት ሳህን አቀረበች።

«ሳህንሽን ብቻ። የሰው አፍ አትነኪም፣ ሰምተሻል?»

ሜላት ሰምታለች። ግን ትንሽ እንደበላች ረስታ ለእናቷ ጠቀለለች። እናቷ እጇን ቸብ አደረገቻት። በማግስቱም እንዲሁ። አለቀሰች... እንባዋን ጠርጋ ደግሞ ወደ እኔ ዘረጋች።

«ለአባባስ?»

አፌን ዘጋሁ።

እጇ አፌ ሥር ቆይቶ ቆይቶ... ተመለሰ። ራሷ በላችው። ረቡዕ ለማንም አልጠቀለለችም።

ሐሙስ ሄድን። ዳይሬክተሯ ሆነ ብላ ብርቄን ከሜላት ጎን አስቀመጠቻት። ብርቄ ደስ ብሏት ወንበሯን አስጠጋች። ፍርፍሩ ሲመጣ ማንኪያዋን አልነካችውም። ወደ ሜላት ዞረች፣ አፏን ከፈተች።

ሜላት አየቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየች። ባለቤቴ ጣቷን ቀስራ ጠበቀቻት።

ልጄ ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች። በግራ ክንዷ ከልላ በማንኪያ መብላት ጀመረች።

ብርቄ አፏን ዘጋች። መልሳ ከፈተች። ሜላት ያላየቻት መስሏት ይሆናል፣ በዚያች እጇ እጅጌዋን ነካ አደረገቻት።

«የሰው አፍ አልነካም!» አለች ሜላት። መስታወቱን አልፎ ተሰማን።

የብርቄ አባት ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ተጣልተው ይሆን እንዴ ወንድሜ?»

«እንጃ» አልኩ።

ሌሎቹ ልጆች ሳህናቸውን እስኪያነሱ ድረስ ብርቄ ምንም አልቀመሰችም። ዳይሬክተሯ እየሳቀች ወጣች።

«ይኼን ነው እኮ የምንፈልገው! እንኳን ደስ አላችሁ፣ ገብታለች።» ባለቤቴ አቀፈቻት። ዳይሬክተሯ ከእቅፏ ሳትወጣ ወደ ሰውየው ዞረች። «አባት፣ እርስዎ ለሚመጣው ዓመት ይሞክሩ። እስከዚያ ቤት ራሷን መቻል ትልመድ።»

«ቤትማ እኛ አለን...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «እሺ እሜቴ።»

ብርቄን ትከሻቸው ላይ አወጧት። ሊሄዱ ሲሉ ግን ተመልሰው እጄን ጨበጡኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ። ጨዋ ልጅ ናት ያለችህ፤ ያን ዕለት ልጄን አጉርሳልኛለች።»

«አሜን» አልኩ።

ዩኒፎርሙ ሰማያዊ ነው... ያምርባታል።